ረቂቁን ማን አነበበው?

በትምህርት ጉዳይ አገርን ያናወጠው የመጀመሪያው ትልቅ ሙግት የተካሄደው ሰነዱ ሳይነበብ ነው። «ሴክተር ሪቪው» እየተባለ የሚጠራው ጥናት በ1964 ቢጠናቀቅም ለሕዝብ ይፋ ሳይደረግ ቆየ። የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ተወስኗል የሚለው ወሬ ግን ከቤት ቤት ተዛመተ። ጥናቱ የገጠሩን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ለማምጣት ያቀዳቸው ቁም ነገሮችም ነበሩት፤ ማን አይቷቸው! በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ጥናቱን ለማገድ ተገደደ።

በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ አደረገ። ጊዜው የግል ጋዜጦች እንደ አሸን የፈሉበት ቢሆንም ክርክሩ ከከተማ ብዙም አልወጣም።

ቀጥሎ የፕላዝማ ቴሌቪዥን መጣ። ከ1997 ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይከታተሉ ጀመር። መምህሩ ትምህርቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ጥቂት ደቂቃ ይናገር ነበር፤ ተማሪው እጁን ቢያወጣ የሚያየው አልነበረም። መንግሥት በትምህርት ቴክኖሎጂ ላይ ያን ያህል ገንዘብ ሲያፈስ መልስ የሚሰማበት መንገድ አለማሰቡ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በ2010 ክረምት የአገሪቱ የትምህርት ፍኖተ ካርታ ረቂቅ ለውይይት ሲቀርብ ነገሩ ተለወጠ። ፒዲኤፉ ከስልክ ስልክ ዞረ። ይሁንና ፌስቡክ የሚያጋግለው ቁጣን ነውና መንደሩን ያናወጠው የቋንቋ ጉዳይ ሆነ። የስድስት፣ የሁለትና የአራት ዓመት እርከን፣ የአሥረኛ ክፍል ፈተና መቅረት፣ የመምህራን ሥልጠና፣ እነዚህ ሁሉ ወደ ጎን ተገፉ። ሰነዱ እጃችን ላይ እያለ ሳናነብ መጣላታችን ከ1966ቱ ይብሳል ባይ ነኝ።

የተሻለው ነገር የታየው ማንም ባላቀደው ቦታ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ ለተማሪው ስላልበቃ መምህራን ፒዲኤፉን በቴሌግራም ይቀባበሉ ጀመር። ማብራሪያውም አብሮ መጣ። አንድ ገጽ ፎቶ ይነሣል፣ ጥያቄው በቀይ ይከበባል፣ «ይህ ከምዕራፉ ጋር አይሄድም፤ እናንተ ጋ እንዴት አስተማራችሁት?» ይባላል። ከሥሩ የሌላ ዞን መምህር ይመልሳል። ስድብ የለበትም፤ ሰውየው ነገ ጠዋት ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው ነገር ነዋ። እንዲህ ያለው አስተያየት ግን መጽሐፉን ወዳዘጋጁት ሰዎች የሚደርስበት ቋሚ መንገድ የለውም።

መንግሥት ቢሰማ ምን ይሆናል ለሚል ምሳሌ አለ፤ በግንቦት 2011 ሕንድ የትምህርት ፖሊሲዋን ረቂቅ በድረ ገጽ ስታወጣ ሂንዲን በሚመለከተው አንቀጽ በተለይ ታሚል ናዱ በትዊተር ተቆጣች፤ አንቀጹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተስተካከለ። ረቂቁ ላይ አስተያየት መሰብሰቡ ግን በዚያ አላበቃም።

እኛም ዘንድ በሚቀጥለው ክለሳ ረቂቁ በየትምህርት ዓይነቱ ተከፋፍሎ በየቋንቋው ይውጣ። ኢንተርኔት ለማይደርሰው ወላጅ በራዲዮ ይነበብለት፣ በአጭር ስልክ ቁጥርም ይናገር። ከሁሉ በላይ ትምህርት ሚኒስቴር የትኛውን አስተያየት ተቀብሎ የትኛውን ለምን እንደተወ ጽፎ ያውጣ።