የተቋረጠ ሊግ እንዴት ይዳኝ?

በወረርሽኝ የተቋረጠ የእግር ኳስ ሊግ ውድድር ሦስት መውጫ አለው፤ ጠብቆ መጨረስ፣ በተሰበሰበው ነጥብ ደረጃ ሰጥቶ መዝጋት፣ ወይም ጨርሶ መሰረዝ። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የመረጠችው ሦስተኛውን ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መገኘቱ ሲገለጽ ፕሪምየር ሊጉ ቆመ። 16ቱ ክለቦች ከ30 ሳምንት 17ቱን ተጫውተው፣ ፋሲል ከነማ ሰንጠረዡን ይመራ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ሊጎቹን ሁሉ ሰረዘ፤ ዋንጫ ያነሳ፣ ያደገም ሆነ የወረደ ክለብ አልነበረም።

ጠብቆ መጨረስ ገንዘብ ይጠይቃል። የጀርመን ቡንደስሊጋ ግንቦት 8 ቀን በዝግ ስታዲየም የተመለሰው የምርመራ አቅምና የቴሌቪዥን ገቢ ስለነበረው ነው። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ክለቦች ግን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት በጀት ነው። ከድሬዳዋ በነባሩ መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ቡድን ሂርናን፣ ጭሮንና ሚኤሶን አቋርጦ ያልፋል። መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን በከለከለበት ወቅት እንዲህ ያለ ጉዞ አይታሰብም ነበር። ስለዚህ ጨዋታውን ማቆሙ ትክክል ነበር።

የተጫወቱትን ሁሉ እንዳልነበረ ማድረጉ ግን ያከራክራል። 16 ክለቦች ባሉበት ሊግ በ15 ሳምንት እያንዳንዱ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር አንድ ጊዜ ይገናኛል። የአንደኛው ዙር ሰንጠረዥ የሜዳ ዕድልን እኩል ባያደርግም ለደረጃ የሚበቃ መሠረት ነው። ፈረንሳይ ፓሪ ሴንት ዠርሜንን በነጥብ አማካይ ሻምፒዮን አድርጋለች። ኔዘርላንድስ ግን ውድድሩን ሰርዛ፣ ሁለተኛውን ዲቪዚዮን ይመራ የነበረው ካምቡር ሳያድግ ቀርቷል።

የካምቡር ዕጣ ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የቀረበ ነገር ነው። ከ16ቱ ክለቦች ለዞኑ ቅርብ የነበረው ድሬዳዋ ከተማ ነው፤ ከጭሮ፣ ከገለምሶ ወይም ከበዴሳ ተነስቶ ወደ ላይ መድረስ የሚቻለው በታችኞቹ ሊጎች በኩል ብቻ ነው። ስረዛ ትልቅ ክለብን አንድ ዋንጫ ያሳጣል፤ ከትንሽ ከተማ የወጣ ቡድን ግን በስንት ድካም ያገኘውን የማደግ ዕድል ይነጥቃል፤ ተጫዋቾቹም በማግሥቱ ይበተናሉ።

በ2013 ዓ.ም. የተሻለ መንገድ ተገኘ። በትግራይ ጦርነት ምክንያት የክልሉ ሦስት ክለቦች ያልተሳተፉበት ውድድር በ13 ክለቦች ተካሄደ፤ ጨዋታዎቹም በየተራ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተደረጉ። በአንድ ከተማ መሰባሰቡ ጉዞን ቀነሰ፣ ቁጥጥርንም አቀለለ። ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው፤ ደጋፊ በሜዳው ክለቡን የማየት ዕድሉ ቢጠብም የጭሮ ተመልካች የአገሩን ሊግ በዲኤስቲቪ ቤት ማየት ቻለ። ፋሲል ከነማም ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ።

ለሚቀጥለው ወረርሽኝ ትልቁ ዝግጅት ደንብ ነው። ስንት ሳምንት ከተጫወቱ በኋላ ደረጃ እንደሚጸና፣ ማን እንደሚያድግና የተጫዋች ደመወዝ እንዴት እንደሚከፈል የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር፣ ማን እንደሚመራ ሳይታወቅ ይጻፍ። ፌዴሬሽኑ ይህን አንቀጽ ከፕሪምየር ሊጉ በፊት ለታችኞቹ ሊጎች ሊያወጣ ይገባል።