ሳይቀባ የሚታይ ሕዋስ

ሕዋስ በቀለም ሳይነከር በማይክሮስኮፕ ምን ይታያል ለምትሉኝ፦ ፖላራይዝድ ብርሃን ካለ፣ በቀለም የማይገኝም ይታያል።

ተራ ብርሃን በየአቅጣጫው ይርገበገባል። ከናሙናው ሥር ያለው ፖላራይዘር በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብቻ ያሳልፋል። ከናሙናው በላይ ሁለተኛ ማጣሪያ፣ አናላይዘሩ፣ ከመጀመሪያው ጋር 90 ዲግሪ ሲሠራ መንገዱ ይዘጋና ሁሉም ይጨልማል። አሁን ስስ የጡንቻ ቁራጭ አስገቡና ስቴጁን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። የጡንቻው ክር ከማጣሪያዎቹ 45 ዲግሪ ሲያዘነብል ብሩህና ጥቁር መስመሮች እየተፈራረቁ ብቅ ይላሉ፤ ሌላ 45 ዲግሪ ሲዞር ይጠፋሉ። የሚያበራው የጡንቻው ፕሮቲን ማዮሲን ተሰልፎ የተደረደረበት ቦታ ነው። በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ሞለኪውሎች ብርሃኑን ለሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱ ከሌላው ወደኋላ ስለሚቀር፣ ሲገናኙ አናላይዘሩን የሚያልፍ ብርሃን ይገኛል። አንድ የማዮሲን ዘንግ ውፍረቱ 15 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ተራ ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከ200 ናኖሜትር በታች የተቀራረቡ ነገሮችን ለይቶ አያሳይም። ዘንጉ ለብቻው አይለይም፣ መሰለፉ ግን ይታያል! ይኼ ሁሌም ይደንቀኛል።

የዘዴውን አቅም እንደ ሕዋስ ተመራማሪው ሺንያ ኢኖዌ ያሳየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሕዋስ ሲከፈል ክሮሞሶሞችን የሚያንቀሳቅሱ ክሮች በእርግጥ አሉ ወይ የሚል ረጅም ክርክር ነበር። በተገደለና በተቀባ ሕዋስ ውስጥ ይታያሉ፤ ተጠራጣሪዎች ግን «ኬሚካሉ የፈጠራቸው ናቸው» ይሉ ነበር። ኢኖዌ ማይክሮስኮፑን ራሱ ገጣጥሞ፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ክሮቹን በሕይወት ባለ የባሕር ትል እንቁላልና በሊሊ አበባ ሕዋስ ውስጥ ሲያበሩ አሳየ። ሕዋሱ ሲቀዘቅዝ ክሮቹ ይጠፋሉ፤ ሲሞቅ ይመለሳሉ። ኮልቺሲን የተባለው ኬሚካል ሲጨመርም ይሟሟሉ። ከዚህ ተነስቶ ክሮቹ ከትናንሽ ክፍሎች የሚገነቡና የሚፈርሱ ናቸው አለ። ማይክሮቲዩቡል የሚለው ስማቸው የወጣው ከ10 ዓመት በኋላ ነው።

ኮልቺሲን የጋውት መድኃኒትም ነው፤ ጋውትም የሚረጋገጠው በዚሁ ብርሃን ነው። ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመገጣጠሚያ በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ መርፌ የሚመስሉ የዩሬት ክሪስታሎች ይፈለጋሉ። በሽታው በተነሳ ሰዓት የደም ዩሪክ አሲድ ልክ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል ደም መመርመር ብቻውን አይበቃም። የላብራቶሪ ባልደረቦቼ፣ ሁለቱ ማጣሪያዎች ለብዙ ተራ ማይክሮስኮፕ ይገጠማሉ። ፈሳሹ እንደተቀዳ፣ ሳታቆዩ፣ እዩት።