የሰው ቆዳ ስለ መያያዙ

የሰው ቆዳ አንድ ወጥ መስሎ ይታየናል እንጂ፥ ዓይን የማያያቸው እጅግ ብዙ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ተያይዘው የሠሩት ነው። የግንብ ድንጋይ ያለ ኖራ እንዳይጸና፥ ሕዋሳትም ያለ ማያያዣ አይጸኑም። ጃፓናዊው ሊቅ ማሳቶሺ ታኬይቺ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ይህን ማያያዣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. ካድሄሪን ብለው ሰየሙት፤ ኃይሉም የሚጸናው ካልሲየም ሲኖር ነው።

ፔምፊገስ በሚባለው ደዌ ግን፥ ሰውነትን ከበሽታ ሊጠብቅ የተሰጠው ኃይል ተሳስቶ ከዚሁ ወገን የሆነውን ማያያዣ ይወጋል። ሕዋሳቱም ይለያያሉ፤ አፍ ይቈስላል፤ ቆዳም ውኃ ይቋጥራል።

ደዌው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ በቤተ ሰባችን እንዲህ ያለ በሽተኛ ቢገኝ፥ ገበታውንና መኝታውን ለይተን ልናሳዝነው አይገባም፤ ሳይታከም ቢቀር ለሞት ያደርሳልና፥ ፈጥነን ወደ ሐኪም እናድርሰው።