ጠጠር፣ ቀለምና ስቲከር፦ የመኪና ገላ በነገሌ ቦረና መንገድ

አንድ ጠጠር የመኪና ቀለም ላይ አርፎ እስኪነጥር የሚፈጀው ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ያነሰ ነው። በዚያች ቅጽበት ቀለሙ ወይ ምቱን ችሎ ይተርፋል፣ ወይ ተሰንጥቆ ከላሜራው ላይ ይፈነቀላል። በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌ፣ በፊልቱና በዶሎ ኦዶ መካከል የሚመላለስ መኪና የኮፈኖው ጠርዝ፣ የፓራፋንጎው ጀርባና የበሩ የታችኛው ክፍል ተዥጎርጉሮ የሚታየው እንዲህ ያሉ ብዙ ቅጽበቶች ስለሚጠራቀሙበት ነው። መኪናን በሙሉ ወይም በከፊል ቪኒል ስቲከር ማልበስ እየተለመደ ሲመጣ ደግሞ ስቲከሩ ከቀለም ይልቅ ጠጠርን ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ አብሮ መጥቷል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ፣ በእጅ ያለውን መኪና ገላ ጠብቆ ማቆየት ከጌጥ ያለፈ ጉዳይ ሆኗል።

የፋብሪካ ቀለም ሲያዩት አንድ ቢመስልም ብዙ ንብርብር አለው። ከላሜራው ጋር የሚጣበቀው በኤሌክትሪክ ኃይል የሚለበጥ የጸረ ዝገት ሽፋን ሲሆን ውፍረቱ 20 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። በላዩ መካከለኛው መሠረት ቀለም ይመጣል፣ ከዚያ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻም ከ40 እስከ 50 ማይክሮን የሚሆነው ግልጽና አብረቅራቂ ሽፋን። ሁሉም ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ በመሆኑ፣ በዝገትና በብረት መካከል የቆመው ግድግዳ ሁለት ፀጉር ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚሆኑትን ያህል ነው። ፋብሪካው የመኪናውን ገላ ከመቶ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚግል ምድጃ ስለሚያበስለው የቀለሙ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተሳስረው ይጠነክራሉ። ይህ ትስስር ቀለሙን ከቤንዚን፣ ከፀሐይና ከጭረት ይጠብቀዋል፤ በዚያው ልክ ግን መለጠጥን ይነሳዋል።

የጠጠሩ ጉልበት ከክብደቱ ይልቅ በፍጥነቱ ይወሰናል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። የፊተኛው መኪና ጎማ 5 ግራም የሚመዝን ጠጠር ወደ አየር አነሣ እንበል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ የሚከተለው መኪና ሲገጨው የምቱ ጉልበት 1.2 ጁል ያህል ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ከ12 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚኖረው ጉልበት ይህን ያህላል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሙሉ ጉልበቱ የሚያርፈው ከስንዴ ቅንጣት በማይበልጥ ቦታ ላይ ነው። ፍጥነቱ ወደ 40 ቢወርድ ጉልበቱ ወደ 0.3 ጁል ይቀንሳል። ስለዚህ ገረጋንቲ በለበሰ መንገድ ላይ በዝግታ የሚሄድ መኪና በብዙ ደካማ ምቶች ሲቀጠቀጥ፣ በያቤሎ በኩል ወደ ሞያሌ በሚወርደው አስፋልት ላይ የሚከንፍ ደግሞ የሚያገኘው ጥቂት ነገር ግን ብርቱ ምት ነው። ብዙ ሰው አስፋልት ለቀለም ደኅና ነው ብሎ ያስባል፤ ከጭነት መኪና ኋላ ተጠግቶ ለሚነዳ ሰው ግን ይህ እውነት አይደለም።

የጠጠሩ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል፣ የደቡቡ ቆላ ደግሞ በዚህ ረገድ አንድ ወጥ አይደለም። ከነገሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በሻኪሶና በአዶላ አቅጣጫ ያለው ምድር እጅግ ጥንታዊ በሆነ ክሪስታላዊ አለት ላይ የተመሠረተ ነው፤ የለገ ደንቢ ወርቅም የሚወጣው በዚህ አለት ውስጥ ከሚያልፉ የኳርትዝ ሥሮች ነው። ኳርትዝ በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ፣ በሞስ ሚዛን፣ 7ኛ ደረጃ ላይ ይገኛል፤ የመስኮት መስታወት 5.5 ገደማ ነው። ኳርትዝ ሲሰበር ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሳላል። ከነገሌ ወደ ምሥራቅ፣ በፊልቱ በኩል ወደ ዶሎ ሲወረድ የኖራ ድንጋይ ይበዛል፤ ዋና ማዕድኑ ካልሳይት ጥንካሬው 3 ብቻ ስለሆነ ጠጠሩ ሲመታ ራሱም ይፈረፈራል። በሜጋ ዙሪያ፣ የጨው ሐይቁ ኤል ሶድ ባለበት አካባቢ፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣው ጥቁር ድንጋይ በሁለቱ መካከል ቢሆንም ወደ ጠንካራው ያደላል። ተመሳሳይ ፍጥነትና ተመሳሳይ ክብደት ይዘው እንኳ የኳርትዝ ስባሪ ቀለሙን ሲወጋ፣ የኖራ ድንጋዩ ነጭ ዱቄት ትቶ ሊነጥር ይችላል።

ጠጠሩ ሲያርፍ ከቀለሙ በታች ያለው ላሜራ በመጠኑ ይሰረጉዳል፣ ቀለሙም አብሮት እንዲታጠፍ ይገደዳል። ግልጹ ሽፋን በጥቂት በመቶ ከመለጠጥ አልፎ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ቀጥሎ የሚሆነው በንብርብሮቹ ቁርኝት ይወሰናል። ቁርኝቱ ጠንካራ ከሆነ የላይኛው ብቻ ይሸረፋል፤ ደካማ በሆነበት ቦታ ግን ምቱ የፈጠረው ሞገድ ወደ ጎን ተስፋፍቶ ጠጠሩ ከነካው ቦታ የሚሰፋ ቅርፊት ያነሣል። ብረቱ ከተጋለጠ ዝገት ይጀምራል። የደቡቡ አየር ደረቅ በመሆኑ ዝገቱ እንደ ባሕር ዳርቻ አይፈጥንም፤ ሆኖም በፀደይና በመኸር ሁለት ጊዜ የሚዘንበው ዝናብ በጭቃ ተይዞ ከፓራፋንጎው ሥር ይቆያል፣ ዝገት የሚሻውም እንዲህ ያለውን እርጥበት ነው።

ቪኒል ስቲከር የተሠራው ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ነው። ይህን ቁስ ጀርመናዊው ኬሚስት ኦይገን ባውማን በ1872 እ.ኤ.አ. ቢያገኘውም፣ ድርቅ ያለና ተሰባሪ ስለነበር ለረጅም ጊዜ ጥቅም አልሰጠም። አሜሪካዊው ዋልዶ ሴሞን በ1926 እ.ኤ.አ. ማለስለሻ ኬሚካል ቀላቅሎ እንደ ላስቲክ የሚተጣጠፍ አደረገው። ዛሬ ለመኪና የሚውለው ጥሩው ዓይነት በፈሳሽነቱ ፈስሶ፣ ሳይወጠር የሚደርቅ ስስ ሽፋን ነው፤ ከነሙጫው ከ80 እስከ 100 ማይክሮን ይሆናል። ርካሹ ዓይነት በጋለ መዳመጫ ተጨፍልቆ ስለሚወጣ የውጥረት ትዝታ በውስጡ ይቀራል፣ ሲሞቅም ወደ ቀድሞው ቅርጹ ሊሸሽ ይሰበሰባል። ለበር አርማ ሁለቱም ይሆናሉ፤ ጎባጣ የሆነውን ኮፈኖና ፓራውልት ለማልበስ ግን ፈስሶ የሚሠራው ብቻ ነው የሚያስተማምነው።

ቀለምንና ስቲከርን ሲያነጻጽሩ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፦ ስቲከር በቀለም ፈንታ አይገባም፣ በቀለም ላይ ይለበሳል። ስለዚህ ትክክለኛው ንጽጽር በራቁት ቀለምና ስቲከር በደረበ ቀለም መካከል ነው፤ በዚህ መለኪያ ስቲከሩ በእርግጥ ይረዳል። ቪኒል ከመበጠሱ በፊት ርዝመቱ እጥፍ እስኪደርስ ሊሳብ ስለሚችል፣ ትናንሽ ጠጠሮች ሲያርፉበት ይሰረጉዳል፣ ምቱን ሰፋ ባለ ቦታ ያሰራጫል፣ ከሥሩ ያለው ሙጫም ከጉልበቱ የተወሰነውን ይውጣል። ከጎማ የሚረጭ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር በራቁት ቀለም ላይ የሚተወው ብዥታ በለበሰው ላይ አይታይም። የጠጠሩ ማዕዘንም ወሳኝ ነው። እንደ ግልጹ ሽፋን ያለ ድርቅ ያለ ቁስ ክፉኛ የሚጎዳው ምቱ ፊት ለፊት፣ ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ እንደ ቪኒል ያለ ለስላሳ ቁስ ግን ይበልጥ የሚጎዳው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሰያፍ ማዕዘን ሲፋቅ ነው። በመሆኑም ስቲከር የፓራውልት ፊትን ሲያግዝ፣ ከጎማ ኋላ ባለው የጎን ክፍል ላይ ስለታም ኳርትዝ ይቀደዋል።

ትልቅና ስለታም ጠጠር ግን ስቲከሩን በስቶ ያልፋል፣ ከሥሩ ያለውንም ቀለም ይሸርፋል። መቶ ማይክሮን ያልሞላ ለስላሳ ሽፋን ይህን ያስቆማል ብሎ መጠበቅ አይገባም። እንዲያውም ጉዳቱ ሊደበቅ ይችላል፤ ቀለሙ ከስቲከሩ ሥር ተሰንጥቆ ውጪው ትንሽ ነጥብ ብቻ ያሳያል፣ በቀዳዳው የገባ ውኃም ሳይታይ ዝገት ይጀምራል። ጥገናው ላይም ልዩነት አለ። የተላጠ ቀለም በትንሽ ብሩሽ ይሞላል፣ የተበሳ ስቲከር ግን አይጠገንም፤ የዚያ ክፍል ልባስ ተልጦ በአዲስ ይተካል።

ፋብሪካዎች እነዚህን ልዩነቶች የሚለኩበት የታወቀ ዘዴ አለ። ኤስኤኢ ጄ400 በተባለው የአሜሪካ ደረጃ መሠረት ወደ 300 የሚጠጉ የመንገድ ጠጠሮች፣ ከ9.5 እስከ 16 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ፣ በተጨመቀ አየር በተቀባ ላሜራ ላይ ይተኮሳሉ። ከዚያ ቁስሉ ይቆጠራል፦ 10 ማለት አንድም ቁስል የለም፣ 0 ማለት ከ250 በላይ ነው። ፊደሎች ደግሞ የቁስሉን ስፋት ይናገራሉ፣ ከ1 ሚሊ ሜትር ካነሰው እስከ 6 ሚሊ ሜትር ካለፈው። ስቲከር ገዢ ሻጩን ሊጠይቀው የሚገባው እንዲህ ያለ ውጤት ነው፤ «ጠጠር አይነካውም» የሚል ቃል ብቻውን መለኪያ አይደለም።

ከጠጠሩ ይልቅ ስቲከርን በቆላ የሚያሸንፈው ፀሐይ ነው። ነገሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናት በላይ ትቆማለች። ከተማዋ 1500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከ10 በመቶ ያላነሰ ይጨምራል። ሙቀትና ጨረር ተጋግዘው ማለስለሻውን ኬሚካል ከቪኒሉ ያወጡታል። ሴሞን ያመጣው ልስላሴ ሲጠፋ ስቲከሩ ወደ ጥንቱ ፒቪሲ ይመለሳል፤ ይደርቃል፣ ይሰበሰባል፣ ይሰነጠቃል፤ ጠጠርን የመቻል አቅሙም አብሮ ይሄዳል። አምራቾች ለኮፈኖና ለጣሪያ የሚሰጡት ዋስትና ለበርና ለጎን ከሚሰጡት በጣም የሚያጥረው ለዚህ ነው። ቀዩ የቦረና አቧራም የራሱን ይሠራል፤ በሚለጠፍበት ጊዜ ከሥሩ ከገባ ጉብታ ይፈጥራል፣ ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ ጠርዙን ከሙጫው እየለየ ያነሣዋል።

ስቲከር በደንብ የሚሠራውን ሥራ ለማየት የእርዳታ ድርጅቶችን ነጫጭ ላንድ ክሩዘሮች መመልከት ይበቃል። በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. በዶሎ ኦዶ ዙሪያ የኮቤ፣ የሂለዌይንና የቡራሚኖ የስደተኞች መጠለያዎች ሲከፈቱ እንዲህ ያሉ መኪኖች በደቡብ ምሥራቁ መንገድ ላይ በዝተዋል። በበራቸው ላይ የሚለጠፈው አርማ ቪኒል ነው። ለዓመታት የቆየ አርማ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ቀለም ከዙሪያው ይልቅ ደምቆ ይገኛል፤ ፀሐይን፣ አቧራንና ቀላል ጭረትን ተቀብሎለታል ማለት ነው። ስቲከር ነጠላ ነው፤ ፀሐይንና አቧራን ይከላከላል። ለጠጠር የሚሆነው ጋቢ ሌላ ነው፦ ከፖሊዩሬቴን የተሠራና ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚወፍር ግልጽ ልባስ። ይህ ቁስ መጀመሪያ የተሰናዳው የአሜሪካ ጦር ሄሊኮፕተሮችን ክንፍ ከአሸዋና ከፍርስራሽ ለመጠበቅ ነበር። ተሰርጉዶ ይመለሳል፣ ከጥሩዎቹ ዓይነቶች አንዳንዶቹም በላያቸው ያለው ቀላል ጭረት በፀሐይ ሙቀት ይጠፋል። ዋጋው ከቪኒል በብዙ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሙሉ መኪና ከማልበስ ይልቅ የኮፈኖውን ፊት፣ ፓራውልቱንና ከጎማ ኋላ ያለውን ክፍል ብቻ መሸፈን ያዋጣል።

በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ካሉት መኪኖች ብዙዎቹ በጋራዥ ዳግም የተቀቡ መሆናቸው ጉዳዩን ያወሳስበዋል። ከስቱኮ በላይ የተረጨና በምድጃ ያልበሰለ ቀለም ከላሜራው ጋር ያለው ቁርኝት ከፋብሪካው ያነሰ ነው። በእንዲህ ያለ ገላ ላይ የተለጠፈ ስቲከር ሲላጥ ቀለሙን ይዞ ሊነሣ ይችላል፤ ከስቲከሩ በታች ያለው ስቱኮም በጠጠር ምት ይፈረካከሳል። ዝገት የጀመረውን ቦታ በስቲከር መሸፈን ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ዝገቱ ከዕይታ ተሰውሮ ይቀጥላልና። አስቀድሞ ዝገቱን መፋቅ፣ አንቲሩጂን መቀባት፣ ቀለሙም እስኪጠነክር በቂ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል።

በደቡቡ ቆላ ለሚነዳ ሰው ቪኒል ከራቁት ቀለም በመጠኑ ይሻላል፤ በደቃቅ ጠጠርና በአሸዋ ላይ በግልጽ፣ በትልቅ ስለታም ድንጋይ ላይ ግን እምብዛም። ለመልክ ወይም ለፀሐይ የሚለብሰው አይጸጸትም። ለጠጠር ብቻ ብሎ ገንዘቡን የሚያወጣ ግን አስቀድሞ በአራቱም ጎማ ኋላ የጭቃ መከላከያ ላስቲክ ያሰቅል፣ ከፊቱ ካለው አይሱዙም ርቆ ይንዳ።