ዶላር ማለት ምን ማለት ነው?



በገበያና በባንክ፥ በደብዳቤና በውል ውስጥ ዘወትር ከምንሰማቸው የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ዶላር» የሚለው ነው። ቃሉን የማያውቅ ሰው አይገኝም፤ ትርጕሙን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ዶላር ሲባል የሚያስበው የአሜሪካን ገንዘብ ብቻ ነው። ነገር ግን ስሙ የተወለደው የአሜሪካ መንግሥት ከመቋቋሙ ሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው፤ ዛሬም በዚሁ ስም የሚጠራው ገንዘብ ብዙ ዓይነት ነው። ይህንን አለመለየት ኪሳራ ሊያመጣ ስለሚችል፥ የቃሉን ታሪክና አገልግሎት በአጭሩ እንገልጻለን።

ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር፥ በጀርመን ወሰን አጠገብ፥ በተራሮች መካከል አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1516 ዓ.ም. በአካባቢው ብዙ የብር ማዕድን ስለ ተገኘ ከተማዪቱ ተቈረቈረች፤ ስሟንም በጀርመንኛ ዮአኪምስታል አሏት። «ታል» ማለት ሸለቆ ነው። ዮአኪም የተባለውም እኛ ኢያቄም ወሐና እያልን የምንጠራው የእመቤታችን የማርያም አባት ነው። እንግዲህ የከተማዪቱ ስም «የኢያቄም ሸለቆ» ማለት ነው። የአገሩ ገዢዎች የነበሩት የሽሊክ ቤተ ሰብ መሳፍንት ከ1520 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከዚያ ማዕድን ትልልቅ የብር ገንዘብ አስቀረጹ፤ በገንዘቡም ላይ የቅዱስ ኢያቄምን መልክ አደረጉበት። ሕዝቡም ገንዘቡን «ዮአኪምስታለር» አለው፤ ስሙ ቢረዝምበት ደግሞ አሳጥሮ «ታለር» ብሎ ጠራው። ታለር ማለት «የሸለቆው» እንደ ማለት ነው።

ይህ ገንዘብ በክብደቱና በጥራቱ የታመነ ስለ ነበረ፥ ሌሎች አገሮች እርሱን እያስመሰሉ አስቀረጹ፤ ስሙንም እያንዳንዱ እንደ አንደበቱ ለወጠው። ሆላንዶች «ዳልደር»፥ ስዊድኖች «ዳለር»፥ እንግሊዞች «ዶላር» አሉት። ሼክስፒር በ1606 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው «ማክቤዝ» በተባለው ተውኔት ውስጥ ቃሉ ይገኛል። ቈይቶም በአሜሪካ የነበሩ የእንግሊዝ ቅኝ አገሮች የስጳኝን ባለ 8 ሪያል የብር ገንዘብ በዚሁ ስም ጠሩት። ነጻነታቸውን ካገኙ በኋላ ምክር ቤታቸው በ1785 ዓ.ም. የአገሩ ገንዘብ ዶላር እንዲባል ወሰነ፤ በ1792 ዓ.ም. የወጣው ሕግም አንዱ ዶላር 24 ግራም ያህል ንጹሕ ብር እንዲኖረው ደነገገ።

የሸለቆው ገንዘብ ዘመድ ወደ አገራችንም ገብቷል። አባቶቻችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ ይሉት የነበረው የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ታለር ነበር። ንግሥቲቱ በ1780 ዓ.ም. ካረፈች በኋላም፥ በላዩ የተጻፈው ዓመት ሳይለወጥ ይቀረጽ ነበር። ነጋዴውም ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ፈርጥ እየመረመረ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለይ ነበር።

ከዚያም በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ ወር 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ፥ በአማርኛ «ብር» ተባለ፤ በእንግሊዝኛ ግን «የኢትዮጵያ ዶላር» ተብሎ ተጻፈ። ይህ የእንግሊዝኛ ስም ቀርቶ በሁለቱም ቋንቋ ብር የተባለው በ1969 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት በእንግሊዝኛ የተጻፈ የቤት ሽያጭ ውል ወይም የደመወዝ ደብዳቤ ያገኘ ሰው፥ በውስጡ ያለውን «የኢትዮጵያ ዶላር» የአሜሪካ ዶላር አድርጎ እንዳይተረጕም ይጠንቀቅ። ያ ዶላር ብር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ዕለታዊው አነጋገር እንመለስ። አሜሪካኖች ዝርዝሩን በየስሙ ይጠሩታል፤ 5 ሳንቲሙን «ኒክል»፥ 10 ሳንቲሙን «ዳይም»፥ 25 ሳንቲሙን «ኳርተር» ይሉታል። ኳርተር ማለት ሩብ ነው፤ እኛም 25 ሳንቲምን ስሙኒ፥ 50 ሳንቲምን ሽልንግ እንደምንለው ያለ ነው። ዶላሩን ራሱን በተራ ንግግር «ባክ» ይሉታል። ባክ ወንድ አጋዘን ማለት ሲሆን፥ ስሙ የመጣው በጥንት ዘመን የአጋዘን ቆዳ እንደ ገንዘብ ይለወጥ ስለ ነበር ነው እየተባለ ይነገራል። «ሁለት ግራንድ» ያለ ሰውም ሁለት ሺሕ ዶላር ማለቱ ነው። «እንደ ሚሊዮን ዶላር ይሰማኛል» ቢል ግን ስለ ሀብቱ አይደለም፤ ደኅንነቱንና ደስታውን መግለጹ ነው። «የመጨረሻዪቱን ዶላሬን አስይዛለሁ» ቢልም፥ ነገሩን ያለ ጥርጥር ማመኑን ማስረዳቱ ነው እንጂ ቁማር መጫወቱ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ዶላር የብዙ አገሮች ገንዘብ ስም መሆኑ ነው። ካናዳ፥ ሲንጋፖር፥ ጃማይካና ናሚቢያ በየራሳቸው ዶላር ይገበያያሉ፤ አውስትራሊያ በ1966፥ ኒውዚላንድም በ1967 ዓ.ም. ፓውንድን ትተው ዶላርን ይዘዋል። ስማቸው አንድ ሲሆን ዋጋቸው ግን ልዩ ልዩ ነው። በካናዳ የሚኖር ወንድም «መቶ ዶላር ልኬልሃለሁ» ብሎ ቢጽፍ፥ ተቀባዩ በአሜሪካ ዶላር አስቦ ቢበደር፥ ዕዳው ከገንዘቡ ሊበልጥበት ይችላል።

የአንዱ አገር ዶላርም ቢሆን መጠኑ እንደ ጸና አይኖርም። በመጀመሪያ የብር ሚዛን ነበረ፤ በኋላም በወርቅ ተለካ። በ1971 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለሌሎች መንግሥታት 35 ዶላርን በአንድ ወቄት ወርቅ መለወጡን ካቆመ ወዲህ፥ ዋጋው በገበያ የሚወጣና የሚወርድ ሆኗል። በእኛም ዘንድ ብር የማዕድኑ ስም ነው፤ ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ግን ወረቀት ነው። ስም ከነገሩ ይልቅ ረዥም ዕድሜ አለው።

ስለዚህ ውል የሚዋዋል ሰው «ዶላር» ብሎ ብቻ አይጻፍ፤ የየትኛው አገር ዶላር እንደ ሆነ ከቍጥሩ አጠገብ በፊደል ያስጽፍ፤ በብር የሚከፈል ከሆነም በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚታሰብ ይግለጽ። ገንዘብ የሚላክለትም ሰው ከመበደሩና ከመግዛቱ በፊት «የማን አገር ዶላር ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ይህች አንዲት ጥያቄ ምንም አታስከፍልም፤ ሳይጠይቁ መቅረት ግን ብዙ ያስከፍላል።