ፒካፑ ዝቅ ሲል ተሳቢውን የመጎተት አቅሙ አብሮ እንዳይወርድ

ከዱብሉቅ ወይም ከሀሮ በቄ ገበያ ወደ ሞያሌ ለሚያመላልስ ነጋዴ፣ አይሱዙ ለማይሞላ ግዢ ፒካፕ ከነተሳቢው አንድ አማራጭ ነው። ችግሩ ፒካፕ ከፍ ማለቱ ነው። በግና ፍየል አንስቶ መጫን ያደክማል፤ የቆመ እንስሳም ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ስለሚያዘነብል መኪናው ይወዛወዛል። ስለዚህ ጋራዥ ገብቶ "ዝቅ አድርጉልኝ" ማለት ክፋት የለውም። ዋናው ነገር ዝቅታው ከየት እንደሚመጣ ነው።

ርካሹ ዘዴ ከተደራረቡት የባሌስትራ ብረቶች አንዱን ማውጣት ነው። ለሚጎትት መኪና ግን መጥፎው ዘዴ ይኸው ነው፤ ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራው ነውና። ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው ጋንቾው ላይ እንዲያርፍ ይመከራል። ባዶውን 600 ኪሎ የሆነ ተሳቢ፣ እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ የሚመዝኑ አራት ሰንጋዎች ቢጭን ድምሩ 1,800 ኪሎ ይሆናል፤ ጋንቾው ላይ ከ180 እስከ 270 ኪሎ ያርፋል። ባሌስትራው ከሳሳ የፒካፑ ኋላ ይሰምጣል፣ ፊቱ ይነሳል፣ መሪው ይቀላል፣ የፊት ፍሬንም ይዳከማል።

ሁለተኛው ዘዴ ባሌስትራውን ሳይነኩ የአክስሉን አቀማመጥ መለወጥ ነው። ጥንካሬው ይቀራል፤ ነገር ግን በአክስሉና በሻንሲው መካከል ያለው ክፍተት ስለሚጠብ፣ ጭነት ላይ ጉድጓድ ሲመታ ብረት ከብረት ይጋጫል። ክፍተት ለማግኘት ብሎ ሻንሲ ማስቆረጥ ተሳቢ ለሚጎትት መኪና አይመከርም።

ዝቅ ከተደረገ በኋላ ሦስት ነገሮች ይታዩ። አንደኛ፣ የጋንቾው ከፍታ ተስተካክሎ ተሳቢው ሜዳ ላይ አግድም ይቁም። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ፒካፕ የኋላውን ፍሬን ከጭነቱ ጋር የሚያመጣጥን ቫልቭ አለው፤ መኪናው ዝቅ ሲል ቫልቩ ጭነት ያለ ስለሚመስለው ባዶ ሲነዳ የኋላ ጎማ ቶሎ ይያዛል፤ እንደገና ይስተካከል። ሦስተኛ፣ ብዙ ፒካፖች የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ እንዲጎትቱ የሚፈቀድላቸው እስከ 750 ኪሎ ብቻ ነው። አራት ሰንጋ የጫነ ተሳቢ ፍሬን ያስፈልገዋል። ከብቶቹ ወደ ኋላ አፈግፍገው ተሳቢው እንዳይዋልል መሐል ላይ መከለያ ይኑር።

አሁን ሂሳቡን እንይ። በ20 ዲግሪ የሚያዘነብል መወጣጫ ርዝመቱ የከፍታው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። መኪናውን 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ መወጣጫውን የሚያሳጥረው በ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓላማው መጫንን ማቅለል ከሆነ፣ የማያንሸራትት ረዘም ያለ መወጣጫ ማሠራት ሻንሲ ከመነካካት ይሻላል።

ለምሳሌ አንድ ሰንጋ በ60,000 ብር ተገዝቶ 3,000 ብር ቢያተርፍ፣ መንገድ ላይ የሞተ አንድ ሰንጋ የ20 ሰንጋ ትርፍ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ለመካኒኩ ከመክፈል በፊት በሜትር መለካት ይበጃል፦ ተሳቢው ከመያያዙ በፊትና ጭኖ ከተያያዘ በኋላ፣ ከመሬት እስከ ፊትና ኋላ ፓራፋንጎ ጠርዝ። ኋላው በጣም ወርዶ ፊቱ ከተነሳ፣ ያ ፒካፕ የሚያስፈልገው የሚጠናከር ባሌስትራ እንጂ ዝቅ መደረግ አይደለም።