የሐራሬው የጀግኖች ኮረብታ

ከሐራሬ ወደ ቡላዋዮ በሚወስደው መንገድ 7 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ፣ አናቱ ላይ ረጅም ማማ የተተከለበት ኮረብታ ብቅ ይላል። የዚምባብዌ ብሔራዊ የጀግኖች መካነ መቃብር ነው። አገሬው «ቺሙሬንጋ» ለሚለው የነጻነት ትግል መታሰቢያ እንዲሆን ሥራው የተጀመረው ነጻነት በተገኘ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ነበር።

የአዲስ አበባ ሰው እዚህ ቢደርስ ሐውልቱ ባዳ አይሆንበትም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለውን የትግላችን ሐውልት የሠሩት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው፤ ይህንንም የነደፉት የዚያችው አገር ሰዎች ከዚምባብዌ አርክቴክቶች ጋር ሆነው ነው። ወደ ሰማይ የተመዘዘው ዓምድ፣ ደረታቸውን የነፉት የነሐስ ተዋጊዎች፣ ታሪክ የሚተርኩት የግድግዳ ቅርጾች ሁለቱም ጋ አሉ። ትውውቁም በሐውልት ብቻ አያበቃም፤ በነጻነት ትግሉ ዘመን ደርግ ዛኑ የተባለውን ንቅናቄ ተዋጊዎች ተቀብሎ አሠልጥኗል።

ቦታው ከላይ ሲታይ ጀርባ ለጀርባ የተጋደሙ ሁለት ክላሾችን እንዲመስል ሆኖ ነው የተሠራው። መቃብሮቹ በእርከን የተደረደሩበት ደግሞ የክላሹ ካዝና ነው። ጀግኖቹ የተኙት ጥይት በሚጎርስበት ቦታ ነው ማለት ነው። ይህን አውቆ በመቃብሮቹ መካከል ለሚራመድ ሰው ነገሩ ይከብዳል።

ግራና ቀኝ ባሉት ግድግዳዎች ላይ የትግሉ ታሪክ ተቀርጿል፤ የቅኝ ገዢው ፖሊስ ግፍ፣ ወጣቶች መሣሪያ ሲያነሡ፣ በመጨረሻም ድል። ደረጃውን ወደ ላይ ሲያቀኑ የሚገኘው ያልታወቀው ወታደር መቃብር ነው። በላዩ ሦስት የነሐስ ተዋጊዎች ቆመዋል፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። አንዱ ባንዲራ፣ ሌላው ሮኬት ተኳሽ፣ ሦስተኛው ክላሽ ይዘዋል። ሴቲቱ ከወንዶቹ እኩል መቆሟ ደስ ያሰኛል፤ በዚያ ጫካ ብዙ ሴቶች ተዋግተዋልና። ከዚያ በላይ 40 ሜትር ቁመት ያለው ማማ አለ። በጫፉ ያለው የማይጠፋ ነበልባል የተለኮሰው በ1982 የነጻነት በዓል ላይ ነው። ከማማው ሥር ሆኖ ቁልቁል ሲታይ ትልቁ ብሔራዊ ስታዲየምና የዋረን ፓርክ ሰፈር ተዘርግተው ይታያሉ።

መቃብሮቹ የተለበጡበት ጥቁር ግራናይት ተወልውሎ እንደ መስተዋት ያበራል። ጎንበስ ብሎ ስም የሚያነብ ሰው ከፊደሎቹ ኋላ የራሱን ፊት ያያል። በ1975 ሉሳካ ውስጥ መኪናቸው ላይ በተጠመደ ቦምብ የተገደሉት ኸርበርት ቺቴፖ እዚህ አሉ። የተኩስ አቁም ስምምነት በተፈረመ በቀናት ውስጥ በሞዛምቢክ በመኪና አደጋ ያለፉት የዛኑ ጦር የዛንላ አዛዥ ጆሳያ ቶንጎጋራም እዚህ አሉ። የሌላው የነጻነት ንቅናቄ የዛፑ መሪ ጆሹዋ ንኮሞ በ1999 እዚሁ አርፈዋል።

የሌሉትም አሉ። ብሔራዊ ጀግና ማን እንደሆነ ሲወስን የኖረው የገዢው ፓርቲ ፖሊት ቢሮ ነው። የዛፑ ጦር የዚፕራ አዛዥ ሉካውት ማሱኩ ያለ ፍርድ ለዓመታት ታስረው ቆይተው በ1986 ሲሞቱ የተቀበሩት ቡላዋዮ በሚገኝ ተራ መካነ መቃብር ነው። ዛኑን ከመሠረቱት ዋነኛው ንዳባኒንጊ ሲቶሌም በ2000 ሲያርፉ ይህ ኮረብታ አልተከፈተላቸውም። አገር የጋራ ያለችውን መሬት አንድ ፓርቲ እየቆረሰ ሲያድለው ማየት ያሳዝናል። በ2019 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሮበርት ሙጋቤ ሲሞቱ መንግሥት በኮረብታው ላይ ልዩ መቃብር ማሠራት ጀምሮ ሳለ፣ ቤተሰቡ ወስዶ በትውልድ መንደራቸው በኩታማ፣ በመኖሪያ ግቢያቸው ቀበራቸው። ባለቤታቸው ሳሊ ግን ከ1992 ጀምሮ በኮረብታው ናቸው።

ለእኔ የዚህ ቦታ ልብ ስም የሌለው መቃብር ነው። በ1976 በኒያዞንያ፣ በ1977 በቺሞዮ፣ የቅኝ ገዢው የሮዴዢያ ጦር ድንበር ተሻግሮ በሞዛምቢክ የነበሩ ካምፖችን ሲመታ ያለቁት ታጣቂዎች፣ ስደተኞችና ልጆች በጅምላ ተቀብረው እዚያው ቀርተዋል። ፖሊት ቢሮ ስለ እነሱ የተሰበሰበበት ቀን የለም። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የጀግኖች ቀን ሲከበር ግን ፕሬዚዳንቱ የአበባ ጉንጉን ይዘው ደረጃውን ወጥተው የሚያኖሩት ከሦስቱ የነሐስ ተዋጊዎች እግር ሥር ነው።